እንጨትን ከእንጨት ማጋጠም፦ የአናጢነት ትምህርት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ደህና የተሠራ በርና እንደ ነገሩ የተሠራ በር በመጀመሪያው ሳምንት አይለዩም። ሁለቱም ሉስትሮ ተቀብተው ያብረቀርቃሉ፣ ሁለቱም በቴላዮአቸው ላይ ቀጥ ብለው ይዘጋሉ። የሚለያቸው አንድ ክረምትና አንድ በጋ ነው። በምስማር ብቻ የተያዘው ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ታችኛው ጠርዝ መሬት ይጎትታል፣ ባለቤቱም ሲከፍትና ሲዘጋ በትከሻው ይገፋዋል። በወጉ የተጋጠመው ግን ዓመት ከዓመት በቦታው ይቆማል። ይህ ዳሰሳ ልዩነቱን የሚያመጣውን ሙያ ይመለከታል፦ በደቡብ ጎንደር በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሰው እንጨትን ከእንጨት ማጋጠምን ከየት ይማራል? ከእያንዳንዱ መንገድ ምን ያገኛል? ምንስ ይቀርበታል?

ጥያቄው የብዙ ቤት ጥያቄ ነው። መሬት በጠበበበት አገር ከእርሻ የተረፈው ወጣት ወደ ንፋስ መውጫ፣ ወደ አርብ ገበያ፣ ወደ ወገዳና ወደ መካነ ኢየሱስ እየወጣ ሙያ ይፈልጋል። ከሚያገኛቸው በሮች አንዱ የእንጨት ሥራ ነው። በሌላ በኩል ቤት የሚሠራው ገበሬ፣ ጎጆ የሚወጣው ሙሽራ፣ ዴስክ የጎደለው ትምህርት ቤት ሁሉ የዚህ ሙያ ደንበኛ ነው። ሙያው ከሳሳ ጉዳቱ ለሁሉም ይደርሳል።

አገሩና እንጨቱ

ማጋጠምን የሚማር ሰው መጀመሪያ ማወቅ ያለበት የእንጨቱን ጠባይ ነው። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም እርጥብ አየር ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በርዝመቱ የሚለወጠው ከቁጥር አይገባም፤ በወርዱ ግን በደንብ ይንቀሳቀሳል። የዕድገት ቀለበቱን ተከትሎ የሚኮማተረው ከግንዱ መሐል ወደ ልጡ ባለው አቅጣጫ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ነው። ጣውላ የሚቆለመመውም በዚህ ምክንያት ነው። ሰፊ ሳንቃን ዙሪያውን በምስማር ጠፍንጎ የሚይዝ አናጢ እንጨቱን መንቀሳቀሻ ይነሣዋል፤ እንጨቱም መሐሉን ሰንጥቆ መንገዱን ያበጃል።

በእነዚህ ወረዳዎች ይህ ጠባይ ይብስበታል። ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። ንፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ክረምቱን በጉምና በዝናብ ታሳልፋለች። ታች ጋይንትና ስማዳ ወደ በሽሎ ሲወርዱ ደግሞ ቆላው ሞቃትና ደረቅ ነው። በነሐሴ ደጋ ላይ የተሠራ ሣጥን ወይም በር ተጭኖ ቆላ ሲወርድና የካቲት ሲገባ ሌላ መጠን ይይዛል። ስለዚህ የዚህ አገር አናጢ ማጋጠሚያውን ሲቆርጥ እንጨቱ የት እንደሚኖርም ማሰብ አለበት።

የእንጨቱም ዓይነት ተለውጧል። የቀድሞው ባለሙያ ለእያንዳንዱ ሥራ የሚሆነውን ዛፍ ለይቶ ያውቅ ነበር። ዋንዛ ለመሮ ይታዘዛል፣ ብዙም አይጣመምም፤ ስለዚህ ለበር፣ ለሣጥንና ለከበሮ ይመረጣል። ጥድ ምስጥን ስለሚቋቋም ለምሰሶና ለቋሚ ይውላል። ወይራ ጠንካራ ስለሆነ ለመያዣ፣ ለመቋሚያና ለችንካር ይሆናል። ዛሬ እነዚህ ዛፎች ተመናምነዋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የደን ሕግም ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጥድን ከመንግሥትና ከክልል ደን መቁረጥን ከለከለ። ክልከላው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን አናጢውን በአብዛኛው ለባሕር ዛፍ ትቶታል።

ባሕር ዛፍ በምኒልክ ዘመን፣ በ1880ዎቹ መጨረሻ ወደ አገር የገባ ዛፍ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ ዛሬ የገበሬው የቁጠባ ሣጥን ሆኗል። ለአጠናና ለማገዶ የሚስተካከለው የለም። ለማጋጠሚያ ግን አስቸጋሪ እንጨት ነው። ውስጡ ውጥረት ይዞ ያድጋል፤ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ይለቀቅና ጣውላው ይጣመማል፣ ጫፉም ይተረተራል። ሲደርቅ ብዙ ይኮማተራል። ከደረቀ በኋላ ደግሞ ምስማር አልቀበልም ይላል፤ አስቀድሞ ካልተበሳ ይሰነጠቃል። ብዙ ሠራተኛ ምስማር በቀላሉ ይገባለታል ብሎ እርጥቡን ይሠራዋል። የመጥፎው በር ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ጣውላውን ጥላ ሥር በመካከሉ ቀጫጭን እንጨት እያስገቡ መደርደር፣ ጫፎቹን ቀለም ወይም ሰም መቀባት፣ ከላይ ክብደት መጫን፣ ከዚያም መጠበቅ። የቆየው ግምት ለ2.5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ ዓመት ገደማ ነው። ይህን የሚያስተምር ቦታ በየትኛውም መንገድ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ የሙያው ትልቁ ክፍተትም ይኸው ነው።

የገበሬው ደጅ

በሦስቱም አካባቢዎች ከሁሉ የቆየው የማጋጠም ትምህርት ቤት የገበሬው ደጅ ነው። ልጅ አባቱ ሞፈር ሲጠርብ፣ ቀንበር ሲያለሰልስ፣ ድግር ሲያበጅ አጠገቡ ተቀምጦ ያያል። ለሞፈር የሚሆነው ዛፍ ገና ቆሞ ሳለ ይታያል፤ የእንጨቱ ጅማት ሳይቆረጥ እንዲሄድ በተፈጥሮው የሚስማማ ቅርጽ ያለው ይመረጣል። ክፍሎቹ የሚያያዙት በቀዳዳ፣ በወገልና በምራን ነው። ማረሻ ከድንጋይ ጋር ሲላተም ምራኑና ወገሉ ትንሽ ይለቁለታል፤ እንጨቱም ይተርፋል። የተሰበረውን ክፍል እዚያው ማሳው ዳር ነቅሎ ሌላ መተካት ይቻላል። ይህ ጥልቅ የማጋጠም ዕውቀት ነው፦ የትኛው መገጣጠሚያ ግትር ይሁን፣ የትኛው ይለቅ የሚለውን መለየት።

ከዚህም በላይ የሚያስደንቀው የጠፍር አልጋ ነው። አራቱ እግሮች ራስጌና ግርጌ ላይ በመሮ ይፈለፈላሉ። የአግዳሚዎቹና የጎኖቹ ጫፎች ተቀርጸው በቀዳዳዎቹ ይገባሉ፤ የሚገባው ጫፍ ወንዴ፣ የሚቀበለው ቀዳዳ ሴቴ ይባላል። ሙጫ የለም፣ ምስማር የለም። ከዚያ የተነከረ የበሬ ቆዳ በቀጭኑ ተተልትሎ ከጎን ወደ ጎን፣ ከራስጌ ወደ ግርጌ ይጠፈራል። ቆዳው ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ አራቱንም ጎን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስቦም እያንዳንዱን ወንዴ በየሴቴው ውስጥ አጥብቆ ይቀረቅረዋል። ሰው ሲተኛበት ክብደቱ ጠፍሩን ወደ ታች ይጎትታል፣ ማዕዘኖቹም ይበልጥ ይጨመቃሉ። አጠቃቀሙ ራሱ ማጋጠሚያውን የሚያጠነክርለት ዕቃ በየትም አገር ብዙ የለም። ጠፍሩ ሲላላ እንደገና ይወጠራል፤ አልጋው ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

የዚህ መንገድ ጉድለቱ ግልጽ ነው። ዕውቀቱ በዓይንና በእጅ ስለሚተላለፍ ያልተቀመጠበት አይወርሰውም። ልክ በስንዝርና በክንድ ስለሚያዝ አንድ ዓይነት ሃያ ወንበር ለመሥራት የሚያስችል አይደለም። ልጆች ወደ ትምህርት ቤትና ወደ ከተማ ሲሄዱ ደግሞ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። የፋብሪካ አልጋና ፍራሽ ሲገባ የጠፍር አልጋ ሠሪው ደንበኛ አጣ፤ ደንበኛ ያጣ ሙያ ተማሪም ያጣል።

ከቤተ ክርስቲያን እስከ ጋፋት

ሁለተኛው የቆየ ምንጭ የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነው። ታች ጋይንት ውስጥ የምትገኘው ቤተልሔም በድጓ ምስክርነቷ በመላ አገሪቱ የታወቀች ናት። ሕንፃዋም ለእንጨት ሥራ ታሪክ ትልቅ ቦታ አለው። እንግሊዛዊው ቶማስ ፓከናም እ.ኤ.አ. በ1955 ጎብኝቷት፣ ከውጭ ክብ የሣር ክዳን ቤት መስላ የምትታየው ቤተ ክርስቲያን ውስጧ አራት ማዕዘን የሆነ ጥንታዊ ሕንፃ መያዟን ለውጭው ዓለም አሳውቋል። የአካባቢው ሰውና የድጓው ተማሪ ግን ሲያውቃት ኖሯል።

ይህ ጥንታዊ የአሠራር ወግ እንጨትን እንዴት እንደሚያጋጥም በደብረ ዳሞና በላስታው ይምርሐነ ክርስቶስ በግልጽ ይታያል። በግድግዳው ርዝመት ወራጅ እንጨት ይጋደማል። በውፍረቱ የሚያልፉ አጫጭር እንጨቶች ሆዳቸው ተቆርጦ ወራጁን ይነክሱታል፤ ጫፋቸው ከግድግዳው ወጥቶ ይታያል። የዝንጀሮ ራስ የሚባለው ይህ ነው። ዓይን እንደ ጌጥ የሚያየው ነገር ሥራው ግድግዳውን ማሰር ነው። የበሩና የመስኮቱ መቃንም ማዕዘኑ ላይ እርስ በርሱ ተነካክሶ ይቆማል። ይህ አሠራር ያለ ምስማር በመቶዎች የሚቆጠሩ ዓመታት ተሻግሯል። ዛሬ በየደብሩ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ ብሎኬትና ብረት እየተተካ ስለሆነ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥራ አናጢ የሚያፈራበት ዕድል ጠብቧል።

ከዚያ ወደ አሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን ስንመጣ ጋፋት ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ ባቋቋሙት በዚህ መንደር አውሮፓውያንና ኢትዮጵያውያን ባለ እጆች አብረው ሠርተዋል። የሚታወሰው ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ነው። ነገር ግን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ በሠረገላ ካልተጫነ ከተወለደበት አይነቃነቅም። በ1860 ዓ.ም. መድፉ በጋይንት በጨጨሆ አድርጎ ገደል ለገደል እየተጎተተ መቅደላ ሲደርስ፣ የብረት አቅላጩም የሠረገላ ሠሪውም የመንገድ ጠራጊውም ሙያ አብሮ ተጉዟል። ይህ አገር መሣሪያና ሥልጠና ባገኘ ጊዜ ከባድ ሥራ መሥራቱን ጋፋት ይመሰክራል።

ጋፋት ለምን አልቀጠለም ለሚለው የፖለቲካው መልስ ይታወቃል። ከዚያ ጎን የሚቆመው ሌላው ምክንያት ለባለ እጅ የነበረው ንቀት ነው። በጎንደር ዘመን ቤተ እስራኤል በግንበኝነትና በአናጢነት ነገሥታቱን አገልግለዋል፤ ያም ሆኖ ባለ እጅ ሁሉ ቡዳ፣ ጠይብ እየተባለ ይሸሽ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን የሚሰድብ እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰዋል። ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም ውጤቱ አልጠፋም፤ ዛሬም ብዙ ወላጅ ልጁ ሌላው ሁሉ ሲያቅተው ብቻ መጋዝ እንዲይዝ ይፈቅዳል።

ኮሌጁ

ዘመናዊው የእንጨት ሥራ ትምህርት በ1930ዎቹ ከአዲስ አበባ ተግባረ እድ ጀምሮ ተስፋፋ። ለዚህ አካባቢ ይበልጥ የቀረበው በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ነው። የእንጨት ቴክኖሎጂን ከብረታ ብረት፣ ከኤሌክትሪክና ከጨርቃ ጨርቅ ጋር ያስተምር ነበር። ተማሪው ንድፍ ማንበብን፣ በሚሊ ሜትር መለካትንና የማሽን አያያዝን የተማረው በእንዲህ ያሉ ተቋማት ነው።

በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን በሙያ ደረጃና በብቃት ምዘና ላይ አቆመው። ሠልጣኙ አብዛኛውን ጊዜ በተግባር እንዲያሳልፍ፣ ከፊሉንም በድርጅት ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲማር ጠየቀ። በወረቀት ሲታይ የሚነቀፍ ነገር የለውም። የሚጎድለው መሬት ላይ ነው። ማጋጠሚያ መቁረጥ እንጨት ይበላል፤ ተማሪ ደህና አድርጎ ከመቁረጡ በፊት ብዙ ማበላሸት አለበት። የጣውላ ዋጋ በናረበት ጊዜ አሠልጣኙ አንዱን ጣውላ ለብዙ ተማሪ ሲያብቃቃ፣ እያንዳንዱ አንዴ ቆርጦ ያልፋል። የትብብር ሥልጠናም በአካባቢው ባለው ሱቅ ጥራት ይወሰናል፤ ሱቁ በምስማር የሚሠራ ከሆነ ተማሪው በክፍል የተማረውን ሱቅ ገብቶ ይረሳል።

ሆኖም ኮሌጁ ሌላው መንገድ የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፦ ሥርዓት። መጀመሪያ አንዱን ፊት ማስተካከል፣ ከእሱ ተነሥቶ ሁለተኛውን በስኳድራ ማረጋገጥ፣ ልክን ሁሉ ከዚያ ፊት መውሰድ። ይህን የለመደ ሰው ሃያ ወንበር አንድ ዓይነት አድርጎ ያወጣል።

የከተማው ወርክሾፕ

ዛሬ አብዛኛው ወጣት የሚማረው ከተማ ውስጥ በቆርቆሮ በተከለለ ወርክሾፕ ነው። ሲገባ ይጠርጋል፣ ጣውላ ይይዛል፣ በካርታ ቬትሮ ይፈትጋል፤ ቀስ እያለ ሞርሳ ያጠብቃል፣ ትራፓኖ ይይዛል። ጋሼ እያለ የሚያገለግለው ጌታው ጨዋ ከሆነ ሙያውን ይሰጠዋል፤ ካልሆነም ሰርቆ ያያል። የዚህ መንገድ ብርታቱ ፍጥነትና ገበያ ነው። ወጣቱ ዋጋ ማውጣትን፣ ከደንበኛ ጋር መነጋገርን፣ በቀኑ ማስረከብን እዚህ ይማራል።

ድካሙ ማጋጠሚያውን ገበያው መወሰኑ ነው። ደንበኛ በቅናሽ ሲከራከር መጀመሪያ የሚቀነሰው የማይታየው ነገር ነው። ሴቴና ወንዴው ቀርቶ ጣውላ በጣውላ ላይ ይጣላል፣ ኮላ ይፈስበታል፣ ሁለት ምስማር ይመታበታል፣ ስንጥቁ በሰጋቱራና በኮላ ይሞላል፣ ሉስትሮ ይሸፍነዋል። ከቺፑድ የሚሠራው ዕቃ ደግሞ ጅማት ስለሌለው ሌላ ዓይነት ማያያዣ ይፈልጋል፤ የጣውላውን ልምድ ወደ ቺፑድ መገልበጥ ሁለቱንም ያበላሻል።

ከሁሉ የሚያሳስበው ግን ደኅንነት ነው። በብዙ ቦታ መጋዝ ማሽኑ ከሞተርና ከጠረጴዛ በቤት የተሠራ ነው፤ መከለያ የለውም። እርጥብ ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ ውጥረቱ ስለሚለቀቅ ጣውላው ከምላጩ ኋላ ተመልሶ ይገጥምና ምላጩን ይነክሰዋል፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ጣውላውን ወደ ሠራተኛው ይወረውራል። ከምላጩ በስተኋላ የሚቆም ቀጭን ብረት ይህን ይከላከላል፤ ቀላልና ርካሽ ነገር ነው። ጣውላውን እስከ መጨረሻው በእጅ ከመግፋት ይልቅ በመግፊያ እንጨት መግፋት ጣት ያተርፋል። ለአገራችን በተለይ የሚያስፈልግ አንድ ደንብም አለ፦ መብራት ሲጠፋ ከሁሉ በፊት ማሽኑን ማጥፋት። መብራቱ ሳይታሰብ ሲመለስ ተከፍቶ የተተወ መጋዝ ራሱን ያስነሣል፤ በዚያች ቅጽበት እጁ ምላጩ ላይ ያለ ሰው ሊኖር ይችላል።

በዚህ ሁሉ ላይ ስልክ ተጨምሯል። ወጣቱ በዩቲዩብና በቲክቶክ የጃፓንና የአውሮፓ አናጢዎችን ያያል። ይህ ዓይን ይከፍታል፤ የተሻለ ሥራ እንዳለ ማወቅ ራሱ ትምህርት ነው። ይሁንና ቪዲዮው የሚያሳየው የደረቀ እንጨትና የተሳለ መሣሪያ ነው። እርጥብ ባሕር ዛፍና የዶለዶመ መሮ ይዞ ያንኑ የሚሞክር ሰው ያልሆነለት በእጁ ድክመት ይመስለዋል።

እጅ ይቅደም ወይስ ማሽን?

በሙያው ውስጥ የሚነሣው ዋና ክርክር ይህ ነው። መልሱን ለማግኘት አንድ ሴቴና ወንዴ በእጅ ሲቆረጥ ቀርቦ ማየት ይበቃል።

አናጢው የወንዴውን ውፍረት የጣውላውን ሲሶ ያደርገዋል፤ ከዚያ ከወፈረ የሴቴው ጉንጭ ይሳሳል፣ ከቀጠነ ወንዴው ይሰበራል። መስመሩን በእርሳስ ሳይሆን በስለት ይጭራል፤ የስለት መስመር መሮው የሚያርፍበት ጠርዝ ይሆናል። ሴቴውን ከአንድ ወገን እስከ ግማሽ ይፈለፍላል፣ ጣውላውን ገልብጦ ከሌላው ወገን ይጨርሳል፤ እንዲህ ካላደረገ መሮው ሲወጣ የኋላውን ፊት ይገሽልጠዋል። ወንዴውን በመጋዝ ሲቆርጥ ከመስመሩ ውጭ ባለው ትርፍ በኩል ይሄዳል፤ የመጋዙ ጥርስ መስመሩን ከበላ መገጣጠሚያው ላልቷል ማለት ነው። ሲሞክረው በእጅ ግፊትና በቀላል ምት መግባት አለበት። በራሱ የሚወድቅ ላላ ነው፤ በከባድ መዶሻ የሚገባ ደግሞ ሴቴውን ይሰነጥቃል። በመጨረሻ ችንካር ይመታበታል። ብልሁ አናጢ የወንዴውን ቀዳዳ ከሴቴው ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ሜትር ወደ ትከሻው ያስጠጋዋል፤ የወይራው ችንካር ሲገባ ወንዴውን ወደ ውስጥ ይስበዋል። እንዲህ የተያዘ ማዕዘን ኮላው ቢሞት እንኳ አይከፈትም።

ማሽን ይህን ሁሉ በደቂቃ ይሠራል፤ መላጊያ ማሽን የቀን ሥራን ወደ ሰዓት ያወርዳል፣ ራውተር አንድ ዓይነት ጎድጓዳ መቶ ጊዜ ያወጣል። በዚህ ላይ መከራከር አያስፈልግም፤ ማሽን የሌለው ወርክሾፕ በገበያ አይቆምም። ነገር ግን ማሽን የተሳሳተ ልክንም እኩል በፍጥነት ይቆርጣል። የጅማቱን አቅጣጫ፣ የመስመሩን ወዲህና ወዲያ፣ የጥብቀቱን ልክ እጁ ያልተማረው ሰው ማሽኑ ያበላሸበትን አያውቀውም። በእጅ የተማረው ግን መብራት ቢጠፋም ይሠራል፣ ማሽን ሲያገኝም ያዝዘዋል። መሮ፣ መጋዝ፣ መላጊያ፣ ስኳድራና የመሳያ ድንጋይ ለአንድ ጀማሪ ይበቃሉ፤ ከእነሱም ቀድሞ ሊማረው የሚገባው መሳል ነው።

ፍርዱ

ከዳሰሳው የሚወጣው መደምደሚያ ይህ ነው። በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የማጋጠም ዕውቀት አልጠፋም፤ ተበታትኗል። የእንጨቱን ጠባይ ገበሬው ያውቃል፣ ልኩንና ሥርዓቱን ኮሌጁ ያውቃል፣ ማሽኑንና ገበያውን ወርክሾፑ ያውቃል። አንዱ ከሌላው አይማርም። የትምህርቱም ተራ ተገልብጧል፤ ወጣቱ ከማሽን ይጀምራል፣ እጁን ሳይፈታ ይነግዳል፣ እንጨት ማድረቅን ጭራሽ አይማርም። ተራው መጀመሪያ እንጨቱ፣ ቀጥሎ እጅ፣ ከዚያ ማሽን መሆን ነበረበት።

ማስተካከሉ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ኮሌጆች የጠፍር አልጋና የሞፈር ባለሙያ አባቶችን በዓመት ጥቂት ሳምንታት በአሠልጣኝነት ይጋብዙ፤ ዲፕሎማ ባይኖራቸውም አበል ይከፈላቸው። እያንዳንዱ የኮሌጅ ግቢ የዛሬ ዓመት የሚሠራበትን ጣውላ ዛሬ የሚያደርቅበት ዳስ ይሥራ። የብቃት ምዘናው አንድ ማጋጠሚያ ያለ ምስማርና ያለ ኮላ ቆሞ ክብደት እንዲሸከም ይጠይቅ። ወርክሾፖች መከለያ የሌለውን መጋዝ ያቁሙ። ገበሬው ከባሕር ዛፉ ጎን በድንበሩና በጓሮው ዋንዛ ይትከል፤ የዛሬ ሠላሳ ዓመት የልጁ በር የሚሠራው ከእሱ ነው።

ለደንበኛም አንድ ቃል አለ። በር ወይም አልጋ ስታዝዙ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ እንጨቱ ለምን ያህል ጊዜ ደርቋል? ማዕዘኑስ በምን ተያይዟል? ሉስትሮ ከመቀባቱ በፊት ሄዳችሁ እዩት። ለዚህ ጥያቄ በቂ መልስ ላለው አናጢ የጠየቀውን ክፈሉት፤ ደህና ሙያ በአገሩ የሚቆየው የሚከፍልለት ደንበኛ ሲኖር ብቻ ነው።